ጆሮው ያደገ፣ እጁ ገና ሕፃን፦ ሥራ የያዘ ሰው ክራር ወይም ማሲንቆ ሲጀምር ምን ይገጥመዋል?

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በባሕር ዳር አንድ የአርባ ዓመት ሠራተኛ ክራር በብብቱ ይዞ ወደ ግቢው ሲገባ፣ ጎረቤት አስቀድሞ የሚጠይቀው «ለልጅህ ገዛህለት?» ብሎ ነው። «ለራሴ ነው» ሲል ደግሞ ሁለት አስተያየቶች ይከተላሉ፤ አንደኛው «ጣት በልጅነት ካልተገራ አይታዘዝም» የሚል፣ ሁለተኛው «ሥራ ያለው ሰው ለዚህ የሚሆን ጊዜ ከየት ያመጣል?» የሚል ነው። ሁለቱም አባባሎች ከእውነት የራቁ አይደሉም፤ ነገር ግን ችግሩ ያለው ሰዎቹ በጠቆሙበት ቦታ አይደለም። ብዙዎች በሦስተኛው ወር ክራሩን ግድግዳ ላይ ሰቅለው የሚተዉት ጣታቸው እምቢ ብሎ ሳይሆን፣ በመንገድ ላይ የሚገጥማቸውን ነገር ቀድሞ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ጽሑፍ ያንን ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት ሦስት ቃላትን እናጥራ። «ዐዋቂ ጀማሪ» የምለው ደመወዙን ወይም ንግዱን ይዞ፣ ቤተሰቡን እያስተዳደረ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነሣን ሰው ነው። «ልምምድ» ስል የሚችሉትን ዜማ ደጋግሞ መጫወትን ሳይሆን፣ ያልተቻለውን ቦታ ነጥሎና አዘግይቶ፣ ስሕተቱ እስኪታረም ድረስ መመላለስን ነው። «ቅኝት» ማለት ደግሞ አንድ ዜማ የሚመላለስባቸው ድምፆች እርስ በርሳቸው ያላቸው የከፍታና የዝቅታ ርቀት ነው፤ በእኛ ሙዚቃ በስፋት የሚታወቁት ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች ላይ የቆሙ ናቸው።

ጣት ዕድሜ ሲገፋ በእርግጥ አይታዘዝም?

ጣትን የሚያዝዘው አንጎል ነው። እንቅስቃሴን የሚመራው የአንጎል ክፍል እንደ እርሻ ማሳ የተከፋፈለ ሲሆን፣ ረቂቅ ሥራ የሚሠራ የሰውነት ክፍል ሰፊ ድርሻ ይይዛል፤ ለዚህም ነው ለጣትና ለከንፈር የተሰጠው ቦታ ለጀርባ ከተሰጠው እጅግ የሚበልጠው። ለረጅም ዘመን የዚህ ማሳ ወሰን በልጅነት ተካልሎ የሚያበቃ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 አልቫሮ ፓስኳል-ሊዮኒና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባደረጉት ጥናት ግን፣ ፒያኖ ተጫውተው የማያውቁ ዐዋቂዎች አንዲት የአምስት ጣት መልመጃ በቀን ለሁለት ሰዓት፣ ለአምስት ቀናት ሲለማመዱ፣ ጣቶቻቸውን የሚያዝዘው የአንጎል ቦታ እየሰፋ ሲሄድ ታይቷል። ወሰኑ የሚገፋው ዓመታት ካለፉ በኋላ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ሳምንት ውስጥም መንቀሳቀስ ይጀምራል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ አንድ ሳምንት ብቻ ተለማምዶ በሁለተኛው መሣሪያውን የተወ ሰው ማሳው ተመልሶ ጠፍ ይሆንበታል።

በዚያው ዓመት ቶማስ ኤልበርትና ባልደረቦቹ ባለ አውታር መሣሪያ የሚጫወቱ ሙዚቀኞችን መርምረው፣ የግራ እጃቸውን ጣቶች ስሜት የሚቀበለው የአንጎል ቦታ ከሌላው ሰው እንደሚሰፋ፣ ስፋቱም በልጅነታቸው በጀመሩት ላይ እንደሚጎላ አሳይተዋል። ስለዚህ በልጅነት መጀመር ጥቅም የለውም የሚል ሰው ተሳስቷል፤ ዘግይቶ የጀመረ ሰው በሩ ተዘግቶበታል የሚለውም እንዲሁ ተሳስቷል።

በልጅነት ካልተገኘ በኋላ እምብዛም የማይገኝ አንድ ችሎታ መኖሩ እውነት ነው። እርሱም አንድን ድምፅ ከሌላ ጋር ሳያነጻጽሩ፣ ሰምተው ብቻ «ይህ እገሌ የሚባለው ድምፅ ነው» ብሎ መለየት ሲሆን፣ ያላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሙዚቃ የጀመሩት ከሰባት ዓመታቸው በፊት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ችሎታ ለእኛ አገር መሣሪያ ያን ያህል አያስፈልግም። ክራርም ማሲንቆም የሚቃኘው በዘፋኙ የድምፅ ልክ ነው፤ የዛሬው ዘፋኝ ድምፁ ጎርነን ካለ አውታሩ ላላ ይላል፣ ቀጠን ካለም ይወጠራል። የሚያስፈልገው በድምፆች መካከል ያለውን ርቀት መለየት ነው፤ ይህንን ደግሞ ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው ከሠርግ ዳስ፣ ከሬዲዮ፣ ከማኅሌትና ከእረኛ ዋሽንት ሳያውቀው ሲማረው ኖሯል።

ታዲያ ዐዋቂ ጀማሪ ለምን ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል?

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ማሲንቆ ሲጀምር እጁም ጆሮውም ጀማሪ ናቸው፤ ያወጣው ድምፅ ምን ያህል ከመሥመር እንደወጣ አብጠርጥሮ ስለማይሰማ ደስ እያለው ይቀጥላል። የአርባ ዓመት ሰው ግን ጆሮው አርባ ዓመት የሠለጠነ ሆኖ፣ እጁ የተወለደው ትናንት ነው። ትዝታ እንዴት መሰማት እንዳለበት አብጠርጥሮ ያውቃል፤ በዚያው ልክ የእርሱ እጅ የሚያወጣው ድምፅ ትዝታ እንዳልሆነ በየሰከንዱ ይሰማዋል። እየተሰቃየ ያለው በመልካም ጆሮው ምክንያት ነው፤ እርሱ ግን ስጦታ እንደሌለው የሚያሳይ ማስረጃ አድርጎ ይወስደዋል።

እኔ ማሲንቆ የጀመርሁት በ38 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ከቤተሰቤ ርቄ፣ እንጨት ቤት ውስጥ ገብቼ እለማመድ ነበር፤ ያሳፍረኝ የነበረው ድምፅ ከምን እንደሚመጣ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው። ለሌላው እንዲጠቅም ላስረዳው።

ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ነው፤ ክሩም የደጋኑም ገመድ ከፈረስ ጭራ የተሰናዱ ሲሆኑ፣ እርስ በርስ እንዲያያዙ ሙጫ ይቀባሉ። ደጋኑ ሲሳብ ጭራው ክሩን ይዞ ይጎትተዋል፤ ክሩ የሚችለውን ያህል ከተሳበ በኋላ አምልጦ ይመለሳል፤ ወዲያው እንደገና ይያዛል። ይህ መያዝና ማምለጥ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ከመቶ ጊዜ በላይ ይደጋገማል፤ የምንሰማውም ድምፅ የዚህ መደጋገም ነው። ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ ሲጥ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ድምፁ የጠራ እንዲሆን የእጁ ክብደትና የመሳቡ ፍጥነት መመጣጠን አለባቸው። እርሻ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ እርፉን አብዝቶ የተጫነ ገበሬ በሬዎቹን ያቆማቸዋል፣ እጁን የለቀቀ ደግሞ ማረሻው መሬቱን ጫር ጫር እያደረገ ያልፍበታል። የተስተካከለውን ልክ በቃል የሚያስተምር የለም፤ ክንድ ራሱ በብዙ ትልም ያገኘዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሰማው መንሣጠጥ ክንዱ ልኩን ገና እየፈለገ መሆኑን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ የዕድሜም የስጦታም ምልክት አይደለም።

በዚህ ላይ ጎጃም ውስጥ ክረምት የሚባል ነገር አለ። የማሲንቆ ገበታ የተለበደው በቆዳ ነው፤ እርጥበት ሲበዛ ቆዳው ይላላና ድምፁ ይደፈናል። በግንቦት የጀመረ ሰው፣ ሐምሌ ላይ ያ የነበረው ድምፅ የት ሄደ ብሎ ራሱን ከመውቀሱ በፊት መሣሪያውን ከምድጃ ራቅ አድርጎ ትንሽ ያሙቀው።

ከየትኛው መሣሪያ መጀመር ይሻላል?

ሰው የሚወደውን ቢይዝ ይመረጣል፤ ሳይወዱ የያዙት መሣሪያ፣ ቀላልም ቢሆን፣ ከሥራ ደክሞ ለመጣ ሰው አይነሣም። ሆኖም የእያንዳንዱ መሣሪያ ችግር የሚመጣበት ወቅት ስለሚለያይ፣ እርሱን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

የክራር ችግር የሚመጣው ዘግይቶ ነው። አብዛኛው ክራር ስድስት አውታር አለው፤ በአንድ ቅኝት በትክክል ከተቃኘ በኋላ እያንዳንዱ አውታር ሳይጫኑት የራሱን ድምፅ ስለሚሰጥ፣ ጣት ቦታ የሚስትበት መንገድ የለም። ጀማሪው መጀመሪያ የሚማረው የትኛው ጣት የትኛውን አውታር እንደሚጠብቅ ነው። አጨዋወቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ በድርደራ ጣቶች አውታሮቹን አንድ በአንድ ይነካሉ፣ በግርፍ ደግሞ ቀኝ እጅ ሁሉንም አውታሮች በመምቻ ሲገርፍ የግራ እጅ ጣቶች እንዲሰሙ ያልተፈለጉትን ይይዛሉ። ግርፍ ለዐዋቂ ጀማሪ የሚከብደው፣ ጣት የሚነሣው ድምፅ እንዲሰማ በሚፈለግበት አውታር ላይ በመሆኑ ነው፤ እጅ ከለመደው የተገላቢጦሽ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መቃኘት ነው፤ ከትዝታ ወደ አምባሰል ለመሄድ አውታሮችን እንደገና ማጥበቅና ማላላት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው አስተማሪው በቃኘለት ክራር ለወራት ሲጫወት ቆይቶ በራሱ መቃኘት ሲጀምር ያን ጊዜ ገና ይቸገራል። ስለዚህ መቃኘትን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ፣ ቢሳሳቱም እንኳ፣ በራስ እጅ መሞከር ይገባል።

የማሲንቆ ችግር በተቃራኒው ከበር ላይ ይቀበላል። ከደጋኑ ሌላ፣ የግራ እጅ ጣቶች ክሩን ከእንጨቱ ጋር ሳያጣብቁ በጎን ይነኩታል እንጂ፣ እንደ ጊታር ቦታውን የሚያመለክት ብረት የለም። ድምፁ የሚገኘው በጆሮ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ጆሮው የበሰለ ዐዋቂ የመጀመሪያዎቹን ወራት ከታገሠ፣ ያ ሲያሰቃየው የነበረው ጆሮ ጣቱን የሚያርምለት መምህር ይሆንለታል።

ስለ ዋሽንት ሲነሣ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር አለ። ዛሬ በቢሮ ያሉ ብዙ የጎጃም ልጆች በልጅነታቸው ከብት ጠብቀዋል፤ ከነዚህም ጥቂት የማይባሉት ከሸምበቆ ዋሽንት ሠርተው ነፍተዋል። ያ ሰው ራሱን «ጀማሪ» ሲል በራሱ ላይ ስሕተት ይሠራል። ዋሽንት አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ አለው፤ ዋናው ፈተና ግን ጣት ሳይሆን ትንፋሽ በዋሽንቱ አፍ ጠርዝ ላይ የሚያርፍበት ማዕዘን ነው፤ ይህ ደግሞ አንዴ ከንፈር ከያዘው፣ ሃያ ዓመት ቢተውትም እንኳ ለመመለስ ሳምንታት ይበቁታል እንጂ እንደ አዲስ አይጀመርም።

አሥር አውታር ያለው በገና የጸሎትና የተመስጦ መሣሪያ ነው። ዝግ ብሎ ስለሚደረደር ፍጥነት አይጠይቅም፤ ያ የሚነዝር ድምፁም የሚመጣው በየአውታሩ ሥር ከሚገባው እንዚራ ከሚባል ቁራጭ ቆዳ ነው። የእንዚራዋ ቦታ በጥቂቱ ከተዛባ አውታሩ መነዘሩን ይተዋል፤ ጀማሪ ተበላሸብኝ ብሎ ሲደነግጥ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ጊዜው ከየት ይመጣል?

«አሥር ሺህ ሰዓት ያስፈልጋል» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አስፈርቷል። የመጣው እ.ኤ.አ. በ1993 አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በበርሊን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ላይ ካወጡት ጥናት ነው። እነርሱ ያገኙት፣ ምርጥ የተባሉት የቫዮሊን ተማሪዎች 20 ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ በአማካይ ወደ 10,000 ሰዓት ገደማ ብቻቸውን እንደተለማመዱ ነው። ይህ በዓለም አደባባይ ለመወዳደር የሚዘጋጅ ሰው አኃዝ ነው፤ በእሑድ ከሰዓት በኋላ ለቤተሰቡ አንድ ትዝታ መጫወት የሚፈልግ የባንክ ሠራተኛ ወይም የጤና ባለሙያ በዚህ የሚለካበት ምክንያት የለም። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ የሚለማመድ ሰው በዓመት 104 ሰዓት ያገኛል፤ ቀላል ዜማዎችን ጨርሶ ለመጫወት ይህ ብዙ ነው።

የሚያስፈልገው ግን እነዚያ ሃያ ደቂቃዎች እንዳይጠራቀሙ ነው። ሥራ የሚበዛበት ሰው «በአዘቦት አልችልም፤ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት እቀመጣለሁ» ማለት ይቀናዋል፤ ሂሳቡ አንድ ቢሆንም ውጤቱ አንድ አይደለም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ባደረገው የማስታወስ ሙከራ፣ ተከፋፍሎ የተጠና ነገር በአንድ ጊዜ ከታጨቀው የተሻለ እንደሚጸና አሳይቷል። ሁለተኛው ምክንያት እንቅልፍ ነው። ማቲው ዎከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ አንድ የጣት ቅደም ተከተል ተምረው የተኙ ሰዎች በማግሥቱ ያለ ተጨማሪ ልምምድ ፍጥነታቸው 20 በመቶ ያህል ጨምሮ ተገኝቷል። የቤት እመቤት ሊጥ አቡክታ የምታሳድረው ሌሊቱ የሚሠራላትን ሥራ ስለምታውቅ ነው፤ የጣት ትምህርትም እንደዚሁ ያድራል። በሳምንት ስድስት ቀን የተለማመደ ሰው ስድስት ሌሊት ሲሠራለት፣ ቅዳሜን ብቻ የጠበቀው አንድ ሌሊት ብቻ ይሠራለታል።

መሣሪያው በእጅ በሌለበት ጊዜም መለማመድ ይቻላል። ከላይ በጠቀስሁት የፓስኳል-ሊዮኒ ጥናት ውስጥ ፒያኖውን ሳይነኩ መልመጃውን በሐሳባቸው ብቻ የደገሙ ሰዎችም ነበሩ፤ በአፈጻጸም በእጅ ከተለማመዱት ቢያንሱም፣ በአንጎላቸው ላይ ግን ተመሳሳይ ለውጥ ታይቷል። በዋሸራ፣ በጎንጅ ወይም በዲማ የቅኔ ቤቶች አካባቢ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ ጸጥ ወዳለ ቦታ ገለል ብሎ ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲያዘጋጅ፣ የሚሠራው በሐሳቡ ነው፤ ከዚያም ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። ጀማሪውም ከቢሮ ወደ ቤቱ በእግሩ ሲሄድ የትኛው ጣት ከየትኛው በኋላ እንደሚነሣ በሐሳቡ ቢቆጥር፣ ማታ መሣሪያውን ሲይዝ የሚጀምረው ከባዶ አይሆንም። ከቅኔ ቤት የሚወሰድ ሌላም ነገር አለ፤ ተማሪው በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል እንጂ በስምንት ቤቱ መወድስ አይጀምርም። ዐዋቂ ጀማሪ ግን የሚወደውን ረጅም ዘፈን ከመግቢያ እስከ መጨረሻ ካልተጫወትሁ ይላል። ከዘፈኑ ሁለት ስንኝ የሚያህል ዜማ ቆርጦ፣ እርሷን ብቻ ለሳምንት መያዝ ይሻላል።

ዐቢይ ጾም ሲገባስ?

በጾሙ 55 ቀናት ክራርና ማሲንቆ የማይነካ ብዙ ሰው አለ። የተማረው ሁሉ እንዳይጠፋ ሰግቶ የሚጨነቅ ካለ፣ እጅ የለመደው ነገር በቀላሉ እንደማይረሳ፣ የደበዘዘውም ቢሆን በሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ፈጥኖ እንደሚመለስ ይወቅ። አንዳንዶች ይህን ወቅት በገና ለመማር ይጠቀሙበታል፤ በሐሳብ መቁጠሩን ደግሞ የሚከለክል የለም።

«አዝማሪ ሆነ» ቢባልስ?

ይህን ጥያቄ ማለፍ አልፈልግም፤ ብዙ ሰው ከጣቱ ይልቅ የሚፈራው ይህንን ነው። «አዝማሪ» የሚለው ቃል የመጣው ዘመረ ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው፤ ቃሉ በአመጣጡ ምስጋናን እንጂ ስድብን አይዝም። ይሁንና ባለ ሙያውን በሠርግና በድግስ እየፈለጉ፣ በጋብቻና በማኅበራዊ ቦታ ግን ዝቅ አድርጎ ማየት ለረጅም ዘመን ኖሯል። ዛሬ እንደ ባሕር ዳሩ የሙሉዓለም የባህል ማዕከል ባሉ ቦታዎች ማሲንቆና ክራር የሙያ መሣሪያዎች ሆነው ሲታዩ፣ አመለካከቱ ቢለዝብም አልጠፋም። በዚህ ምክንያት ተደብቆ የሚለማመድ ሰው ግን አንድ ጉዳት ይደርስበታል፤ ድምፅ እንዳይሰማበት ደጋኑን ስለሚያለሳልስ ክንዱ ልኩን አያገኝም፣ አውታሩን ስለሚፈራም ምቱ የሞተ ይሆናል። እኔም በእንጨት ቤቱ ያጣሁት ይህንን ነበር።

አስተማሪ ያስፈልጋል ወይስ ስልክ ይበቃል?

ዩቲዩብ ላይ ያለ ትምህርት ምን እንደሚደረግ ያሳያል፤ የተማሪውን ትከሻ ግን አያይም። ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ አጎንብሶ የሚውል ሰው ትከሻው ሽቅብ ተሰቅሎ፣ አንጓው ደርቆ መሣሪያ ይይዛል፤ ይህንን የሚያየው አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነው። የጣት ጫፍ መቁሰል በጥቂት ሳምንታት ቆዳው ሲወፍር ይጠፋል፤ የእጅ መደንዘዝ ግን ልምምዱን ማቆም እንደሚገባ የሚናገር ምልክት ነው፤ ሁለቱን ለመለየትም የሠለጠነ ዓይን ይረዳል። በወር ሁለት ጊዜ እንኳ አስተማሪ ዘንድ መቅረብ ይበቃል።

እዚህ ላይ በእኛ አካባቢ ልዩ የሆነ እንቅፋት አለ። አስተማሪው ብዙ ጊዜ የሃያ ሁለት ወይም የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ነው፤ ተማሪው ደግሞ በዕድሜም በሥራ ቦታም ከፍ ያለ ነው። ወጣቱ «ጋሼ» ብሎ ከመቀመጫው ተነሥቶ ይቀበላል፤ ተማሪው ሲሳሳትም «ጥሩ ነው፣ ጋሼ፤ እየመጡ ነው» ብሎ ያልፋል እንጂ «ተሳስተዋል» ማለት ይከብደዋል። አክብሮቱ መልካም ነው፤ ትምህርቱን ግን ያስቆመዋል። ስለዚህ ተማሪው በመጀመሪያው ቀን፣ ወጣቱ እንዲያምነው አድርጎ፣ «በዚህ ክፍል ውስጥ መምህሩ አንተ ነህ፤ ስሳሳት ወዲያው አስቁመኝ» ማለት አለበት። አንድ ጊዜ መናገርም አይበቃም፤ ወጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደፍሮ ሲያስቆመው ተማሪው ፊቱን ሳያጠቁር እጁን አንሥቶ ያንኑ ቦታ እንደገና መጀመር ይኖርበታል፤ ወጣቱም በሚቀጥለው ጊዜ ለማረም የሚደፍረው ያንን ካየ በኋላ ነው።